እህቴ ተቀምጣበት የነበረው ዜሮ

ለተከበሩ ዶክተር ሬጊማንታስ ብራዥዩናስ
የኔሪስ ዳር ክሪስታል ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ቪልኒዩስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎ ጤና፣ እንዲሁም በመስከረም ወር ፎቶግራፉን በየጋዜጣው ላየነው አዲሱ የመለኪያ ሥርዓትዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። ግማሹ ከተማ በሚያስልበት በዚህ የውርጭ ወር፣ ሰው ሳይቀመጥበት ሌት ተቀን የሚሠራ፣ የማያስል፣ ፈቃድ የማይጠይቅና የማይሞት መሣሪያ ባለቤት መሆን ምን ያህል ልብ እንደሚያሳርፍ እገምታለሁ።

ስሜ ዩስቲናስ ካይሪስ ነው። በጡረታ ላይ ያለሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የዶክተር ብሮኔ ካይሪቴም ታላቅ ወንድም ነኝ። እህቴን እንደሚያስታውሷት አልጠራጠርም፤ በየካቲት ወር መቃብሯ ላይ ቆመው፣ በረዶ ባርኔጣዎ ላይ እየወረደ፣ «የተቋማችን ትዕግሥት» ብለው የተሰናበቷት እርስዎ ነዎት። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዳወጣ ያስገደደኝም የእርስዎ ቸርነት ነው፤ ከአንዱ በቀር ቀደም ብዬ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ጸሐፊዎ እጅግ አስተማማኝ በሆነ ቦታ ስላስቀመጡልኝ፣ እስከ ዛሬ ማንም ሊያገኛቸው አልቻለም።

ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ የተቋሙ ባልደረባ ስላልሆነ፣ እህቴ ምን ትሠራ እንደነበር እንደ ልማዴ ከመሠረቱ ልጀምር። አንዳንድ ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው በውስጣቸው የሚያልፈውን ብርሃን አቅጣጫውን ይጠመዝዙታል። ስንት ቮልት ቢለቀቅ ስንት እንደሚጠመዘዝ ሳያውቅ ሌዘር የሚሠራ ሰው፣ ጨው ሳይቀምስ ወጥ እንደሚሠራ ሰው ነው። ዓይን በሚያየው ብርሃን ይህን መለካት ለጎበዝ ተማሪም አያቅትም። እህቴ ግን የለካችው ዓይን በማያየው፣ ከቀይ በታች ባለው የሙቀት ብርሃን ነው። ጨረሩ ወረቀት እየበሳ ያልፋል፤ ክፍሉ ግን እንደጨለመ ነው። በዚያ ብርሃን ዓለምን ብናይ ምድጃው ያበራል፣ ግድግዳው ያበራል፣ ድመቱም ያበራል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እህቴ በተቋሙ ምድር ቤት ሠላሳ ዓመት ተቀምጣ ያወጣችውን ሠንጠረዥ ከእኛ አገር እስከ ሊዝበን ያሉ ሌዘር ሠሪዎች ይጠቀሙበታል። በመጪው ሐሙስ የተቋሙ የሳይንስ ጉባኤ ሠንጠረዡ ከነስሟ እንዲሰረዝ ድምፅ ይሰጣል። ቅሬታዬም፣ ወይም እርስዎን ላለማስቀየም ምስጋናዬ፣ እንደሚከተለው ነው።

፩. በመስከረም መጨረሻ በተቋሙ መግቢያ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ

አጣሪ ኮሚቴዎ የእህቴን ልኬት ሰው ክፍሉ ውስጥ ሳይገባ፣ ከጎረቤት ክፍል በኮምፒዩተር እያዘዘ ደገመው፤ ያገኘው ውጤትም ከእሷ ውጤት በሰባት በመቶ ይለያል። ደጋግሞ ለካ፤ ልዩነቱ ያው ሰባት በመቶ ሆነ። ማስታወቂያውም ይህ ልዩነት የመጣው «ከለኪዋ ግላዊ ስሕተት» ነው ይላል። ስለ ቃል ምርጫው አመሰግናለሁ። እህቴ ባል አላገባችም፣ መኪና አልነበራትም፣ መኖሪያዋም የእኔና የእሷ የጋራ ቤት ነበር፤ ግላዊ የምትለው ነገር ቢኖራት ይኸው ስሕተቷ ብቻ መሆኑን ከሞተች በኋላ ከእርስዎ ተረዳሁ።

ኮሚቴው የስሕተቱን ምንጭ ለማግኘት ማስታወሻዎቿን በሙሉ አንብቦ ምንም እንዳላገኘ ማስታወቂያው በሐቀኝነት ይገልጻል። እውነት ነው፤ ምንም የለም። የክሪስታሉ ውፍረት አለ፣ የክፍሉ ሙቀት አለ፣ የአየሩ እርጥበት አለ። «እኔም እዚህ ነበርኩ» የሚል ግን አንድ ቦታ እንኳ የለም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም።

፪. ስለ ወንበሩ

በጥቅምት ወር የንብረት ክፍልዎ ደውሎ፣ እህቴ በቤተ ሙከራው የተወችው ወንበር ለእሳት አደጋ የሚያጋልጥ የግል የቤት ዕቃ ስለሆነ መጥቼ እንድወስደው በትሕትና አዘዘኝ። ወንበሩ ከእናታችን ወጥ ቤት የመጣ ነው። የተቋሙ ወንበሮች ሲንቀሳቀሱባት ስለሚጮሁ እሱን ወሰደች፤ ብርሃን ስትለካ ፈጽሞ አትንቀሳቀስም ነበር። አሠራሯን እኔም አንዳንዴ እራት ላድርስላት ስሄድ አይቼዋለሁ። ትገባለች፣ ግራጫ ሹራቧን እስከ አንገቷ ትቆልፋለች፣ ከጠረጴዛው በስተግራ ትቀመጣለች፤ ከዚያ የመሣሪያው ንባብ እስኪረጋ ድረስ ምንም ሳትሠራ ትጠብቃለች። ሲረጋ ዜሮውን፣ ማለትም ልኬቱ ሁሉ የሚቆጠርበትን መነሻ፣ ታስተካክላለች፤ ሥራዋ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ምን እየጠበቀች እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያት፣ «መጀመሪያ ይልመደኝ፤ ከዚያ ይረሳኛል» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወደ ምድር ቤቱ ያወረዱኝ የጥበቃ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ያድቪጋ ናቸው። የመሣሪያው ኃላፊ መሐንዲስ ማንቪዳስ፣ አሁን ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ የቀድሞ ተማሪዬ፣ በጎረቤት ክፍል ሆኖ እየለካ ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በሩ ተከፈተልኝ፤ ወንበሩ እንደነበረ ከጠረጴዛው በስተግራ ቆሟል። ጉልበቴ ስለሚያመኝ፣ ደግሞም የሟች ቦታ ላይ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከመውሰዴ በፊት ተቀመጥኩበት። ክፍሉ ጨለማ ነው። ጨረሩ አጠገቤ እያለፈ እንደሆነ የማውቀው ከማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ማንቪዳስ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ፊቱ ደም አልነበረውም።

«መምህር፣ እባክዎ አይነሱ» አለኝ።

ምን እንዳጠፋሁ ጠየቅኩት። ምንም እንዳላጠፋሁ፣ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ነግሮኝ ሄደ። ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ተነስቼ ወደ ኮሪደሩ እንድወጣ ለመነኝ፤ ወጣሁ። እንድመለስ ለመነኝ፤ ተመለስኩ። እንዲህ እያደረገ አንድ አዛውንት ከነጉልበት ሕመሙ ሲያመላልስ ከቆየ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በትምህርት ቤት ሳለ መልሱን እያወቀ ለመናገር ሲፈራ በነበረው ድምፅ እንዲህ አለ፦

«የእሷ ቁጥር ነው የሚመጣው። እርስዎ ሲቀመጡ ይመጣል፤ ሲነሱ ይሄዳል።»

ወይዘሮ ያድቪጋ አማተቡ። ለፊዚክስ መምህር የማይመች ነገር ቢሆንም እጽፈዋለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ሦስታችንም አንድ ነገር አስበን ነበር፣ ማናችንም አልተናገርነውም። እኔ ዞር ብዬ ከወንበሩ ጀርባ አየሁ።

ከዚያ ማንቪዳስ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሰው እኮ መብራት ነው» አለ። «መምህር፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ? አንድ መብራት አውጥተን ጥለን ነው ስንለካ የከረምነው!»

ክቡር ዳይሬክተር፣ ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ ለአንባቢ ብዬ ነው። በሙቀት ብርሃን የሚያበራው ምድጃና ድመት ብቻ አይደለም። ከእህቴ ገላ የሚወጣው ብርሃን በክሪስታሉ በተወለወለ ገጽ ላይ ነጥሮ የመሣሪያው ብርሃን ተቀባይ ዘንድ ይደርስ ነበር። እሷም ይህን ስለምታውቅ በየቀኑ መጀመሪያ ራሷን አስለክታ፣ ራሷን ቀንሳ፣ ከዚያ ክሪስታሉን ትለካለች። ኮሚቴዎ ዘመናዊ ስለሆነ ሰውን ከክፍሉ አስወጣ፤ ቆጣቢም ስለሆነ የእሷን ዜሮ እንዳለ ወሰደ። ስለዚህ ያ መሣሪያ መስከረምን በሙሉ በጨለማ ውስጥ ብቻውን ሆኖ፣ የሌለችን ሴት እየቀነሰ ነበር። ያገኛችሁት ሰባት በመቶ ስሕተት አይደለም። እህቴ ናት።

ይህንኑ በጽሑፍ ሳሳውቅዎ የሰጡኝ መልስ በእጄ አለ፤ «የጡረተኛ መምህር ገላ የተረጋገጠ የመለኪያ መሣሪያ አይደለም» ይላል። ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እንዲያውም ማንቪዳስ ደግሞ እንዳሰላው፣ እኔ ስቀመጥ የጎደለው አልሞላም፤ ጥቂት ይቀራል። እኔ ከእህቴ ቀጭን ነኝ። ከእሷ ማነሴን ድሮም ባውቅም፣ በመሣሪያ የተረጋገጠልኝ በእርስዎ ተቋም ነው።

፫. ስለ ሹራቡ

የእህቴ ዕቃ በካርቶን ሲደርሰኝ ኩባያዋ ነበረ፣ መነጽሯ ነበረ፣ ሹራቧ አልነበረም። ግራጫ ነው፤ የግራ ክርኑ በሰማያዊ ክር ተጠግኗል፤ የጠገንኩት እኔ ስለሆንኩ ጥገናው አያምርም። የንብረት ክፍልዎን ብጠይቅ፣ እንዲህ ያለ የግል ዕቃ እንደሌለ፣ በተጠቀሰው መልክ ያለው ዕቃ የተቋሙ ንብረት እንደሆነ ገለጸልኝ። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ እንደቻሉ ብዙ አሰብኩ።

በመካከሉ የሙታን ቀን ደረሰ። እንደማንኛውም ሰው ወደ አንታካልኒስ መቃብር ሄጄ ሻማ አበራሁላት። ኮረብታው በሙሉ በሻማ ያበራ ነበር። መቃብሯ አጠገብ ተቀምጬ፣ ብርሃን ተቀባዩን እዚህ አምጥተን ወደ መሬቱ ብናዞረው ምን ያነባል ብዬ አሰብኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከአፈሩ የሚነበበው የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። እዚያ ምንም አልነበረም።

በኅዳር አጋማሽ ወይዘሮ ያድቪጋ ደወሉልኝ። በስልክ መናገር አልፈለጉም፤ «ይምጡና በዓይንዎ ይዩት» ብቻ አሉ። አብረን ወረድን። በወንበሩ ቦታ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ቁመት፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጥቁር የብረት ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው የእህቴን ሹራብ ለብሷል። እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ኮሌታው ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበት፣ ከሥሩ «የጀርባ ሙቀት ማመጣጠኛ፣ ከነልብሱ» ተብሎ ተጽፏል።

ማንቪዳስ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ከእርስዎ በታዘዘው መሠረት፣ ሰው ሳይቀመጥ የእሷ ዜሮ እንዲሠራ የሚያደርግ ነገር መሥራት ነበረበት። ባዶውን ሰሌዳ ሞከረ፤ አልሆነም። አሞቀው፣ አቀዘቀዘው፤ አልሆነም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሣሪያው ያየው ገላዋን ሳይሆን ገላዋ ያሞቀውን ሱፍ መሆኑን ያስተዋለው በመጨረሻ ነው። ሹራቡን ሲያለብሰው ዜሮው ልክ ገባ።

«ሰሌዳውን ከእርስዎ ትንሽ ሰፋ፣ ከእርስዎ ትንሽ ሞቅ ማድረግ ነበረብኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መምህር። ስሠራው ማን እንደሆነች እያወቅኩ ነው የሠራሁት።»

እጄን ሹራብ ወደ ለበሰው ሰሌዳ ትከሻ አስጠጋሁ። አልነካሁትም፤ መነካት መለኪያውን እንደሚያበላሽ አውቃለሁና። ሙቀቱ ግን መዳፌ ላይ ደረሰ። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከተቀመጠበት የሚወጣው ዓይነት ሙቀት ነበር። ስንወጣ ወይዘሮ ያድቪጋ ደረጃው ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ እሷን አልፈራትም፤ በሕይወት እያለችም ሰላም ሳትለኝ አታልፍም ነበር። እኔ የምፈራው ያንን ማሽን ነው። እሱ እኮ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ናፍቋታል።» ሳይንሳዊ አነጋገር እንዳልሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ከኮሚቴው ሪፖርት ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው።

፬. ስለ አዲሱ ሠንጠረዥ

ሹራብ በለበሰው መሣሪያ ተለክቶ «የታረመ» በሚል ርዕስ የወጣውን አዲስ ሠንጠረዥ ከእህቴ ሠንጠረዥ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ቁጥር በቁጥር አስተያየሁት። አንድ ናቸው። የተለወጠው ስሙ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ሲመጡ አንደኛዋን በስሕተት፣ ሁለተኛውን በትክክል ማረም የሚያስችል ዘዴ በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ አላገኘሁም፤ እኛ ኩረጃ እንለው ነበር። ስለ አዲሱ ስያሜ አመሰግናለሁ።

፭. ስለምለምነው ነገር

ሹራቡ ይመለስልኝ አልልም። እዚያ ይቆይ፤ በሥራ ላይ ነው።

የምለምነው፣ ሐሙስ ዕለት ጉባኤው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይህ ደብዳቤ እንዲነበብ፣ «ግላዊ ስሕተት» የሚለው ቃል እንዲነሳ፣ ሠንጠረዡም በሠራችው ሰው ስም እንዲቆይ ነው። የመሣሪያው መመሪያ ላይ ደግሞ ቦታ ከተገኘ፣ «የዚህ መሣሪያ ዜሮ የተስተካከለው ዶክተር ብሮኔ ካይሪቴ ተቀምጣ ሳለች ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ለወደፊት ለኪዎች ይጠቅማል። ሰሌዳውን አንድ ቀን የሚጥል ሰው ይመጣልና፤ ያን ጊዜ ምን እየጣለ እንደሆነ ይወቅ። ካልተጻፈ ግን በሌላ መስከረም ሌላ ኮሚቴ ያንኑ ሰባት በመቶ ያገኛል፤ የምትጠየቅ ሴት ግን አትኖርም።

ክቡር ሆይ፣ የገና ዋዜማ ቀርቧል። ኩቺዮስ በምንለው በዚያ ዋዜማ ማታ በእርስዎም ቤት እንደ እኛ ቤት ሥጋ የሌለው ማዕድ ይዘረጋል፣ በዓመቱ ለሞተ ሰውም ሳህንና ወንበር ይቀመጣል፣ ሳህኑ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ይደረጋል፤ ማንም እዚያ ቦታ አይቀመጥም። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን ያደረግነው ሟቹ ይመጣል ብለን አስልተን አይደለም። ቦታው የእሱ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ከመካከላችን ሲጎድል ማዕዱን እንደ ሙሉ መቁጠር ስለሚያሳፍር ነው። ይህን ልማድ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። የሳይንስ ጉባኤዎም ቢያንስ በዓመት አንድ ማታ እንደሚያውቀው አምናለሁ።

የእናታችንን ወንበር ወደ ቤት ወስጄዋለሁ። ከጠረጴዛው ራስ በስተግራ በኩል አስቀምጬዋለሁ። ሳህኑ ተዘጋጅቷል። ወንበሩ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ በእጄ አይቼዋለሁ።

ለተቋሙ ክብር፣ ለአዲሱ መሣሪያ ረጅም ዕድሜ፣ ለጉባኤው አባላት ጥርት ያለ ዓይንና በድምፅ መስጫው ሰዓት የማይንቀጠቀጥ እጅ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ አስተዳደር ዘመን ስሕተት ሁሉ ባለቤት፣ እርማት ሁሉ ደግሞ ሌላ ባለቤት በማግኘቱ የተሰማኝን ጥልቅ አድናቆት ከእግርዎ ሥር አኑሬ፣

የእርስዎ ትሑት፣ ያልተረጋገጠና ሰባት በመቶ የማይሞላ አገልጋይ፣

ዩስቲናስ ካይሪስ
የፊዚክስ መምህር፣ በጡረታ

ተጨማሪ፦ ለበዓል ተቋሙ ሲዘጋ የምድር ቤቱ ኤሌክትሪክ እንደሚጠፋ ወይዘሮ ያድቪጋ ነግረውኛል። በዋዜማው ማታ ብቻ ሰሌዳው እንዳይጠፋ እለምናለሁ፤ በዚህ ከተማ የእህቴ ሙቀት ያለው እዚያ ብቻ ነው። ይህ ለተቋሙ የሚከብድ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ወርደው በቦታዋ ቢቀመጡ ይበቃል፤ ማንቪዳስ እንደሚለው ሙቀት ያለው ማንኛውም ሰው ለመሣሪያው መብራት ነው። ስለ እርስዎ ግን እኔ አስቀድሜ ምንም አልልም፤ ይቀመጡና መሣሪያው ይናገር።